ጋሽ ማህተምና አራተኛው መስኮት

በአየር ማረፊያው የሠራተኞች ካፌ የሚወራው ወሬ እንዲህ ነው። የፓስፖርት ተቆጣጣሪው ጋሽ ማህተም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላየውን ታናሽ ወንድሙን፣ በሌላ ሰው ፓስፖርት ሊገባ ሲል ያዘው። የያዘውም ገና ሰልፉ ጅራት ላይ ሳለ ነው። አንዳንዶቹማ አውሮፕላኑ አየር ላይ እያለ ጋሽ ማህተም «ዛሬስ ሆዴን ባር ባር አለኝ» ብሎ ነበር ይላሉ። ወንድምየው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ጋሽ ማህተም ከወንበሩ ብድግ አለ፤ እንባው ማህተሙ ቀለም ላይ ተንጠባጠበና ቀለሙ ቀጠነ። በዚያ ቀን የገቡ ተጓዦች ማህተም እስከ ዛሬ ፈዛዛ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ «ወንድሜ፣ እወድሃለሁ፤ አገር ግን ትበልጣለች» አለና እጁን ይዞ እስከ አውሮፕላኑ ደረጃ ሸኘው። ተቃቅፈው ሲላቀሱ አብራሪው በመስኮት አይቶ ሞተሩን አጠፋ። በረራው በልቅሶ ምክንያት አራት ሰዓት ዘገየ። ጋሽ ማህተምም ሜዳሊያ ተሸለመ፤ ዕድገትም አገኘ።

ወሬው በየማኪያቶው ይፋፋል። ሰኞ ዕለት ያለቀሰው አብራሪው ብቻ ነበር። ዓርብ ላይ ሻንጣ ጫኞቹና የነዳጅ መኪናው ሹፌር ተጨመሩ። በዚህ አያያዙ ወሩ ሳያልቅ ራዳሩም ማልቀሱ አይቀርም።

እንዲህ ያለውን ወሬ ሳያላምጥ የሚውጥ ግን ጋሽ ማህተምን የማያውቅ ሰው ነው። የበረራው መዘግየት ምንም ማስረጃ አይሆንም፤ እዚያ አየር ማረፊያ በረራ አራት ሰዓት የሚዘገየው ማንም ሳያለቅስ ነው። ሜዳሊያውንም ያየ ሰው የለም። ከወንበሩ ብድግ አለ የሚለው ደግሞ የበለጠ ያጠራጥራል። ጋሽ ማህተም በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ፣ በሥራ ሰዓት ከዚያ ወንበር ሲነሣ ያየው የለም። ሚስት ያላገባውም በወንበሩ ላይ ሌላ ላለመጨመር ነው ይባላል። ከሁሉ ከሁሉ የማይመስለው ግን «ፊቱን አይቶ አወቀው» የሚለው ነው።

ጋሽ ማህተም ፊት አያይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ በጀመረ በስምንተኛው ዓመት፣ ወንድሙ ከቤት በወጣ በዓመቱ መሆኑ ነው፣ አንድ አሠልጣኝ መጡ። ጸጉራቸው ያለቀ፣ ድምፃቸው ግን ለሦስት ሰው የሚበቃ ሰውዬ ነበሩ። ተቆጣጣሪዎቹን ሰብስበው «ፊት ይዋሻል» አሉ። «ጺም ይበቅላል፣ ጥርስ ይረግፋል፣ ጉንጭ አንዴ ይሞላል አንዴ ይጎድላል። ሴቷ ትኳላለች፣ ወንዱ ይላጫል። ዓይን ደግሞ ይለምናችኋል። ዓይን ዓይኑን ካያችሁት ታዝናላችሁ፤ ካዘናችሁ ትሳሳታላችሁ። ጆሮ ግን ማንንም አይለምንም። ጆሮውን እዩ።»

ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎች የሥልጠናውን ምሳ በልተው ረሱት። ጋሽ ማህተም አልረሳም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጆሮ ማንበብ ጀመረ፤ በዓመቱ ጎበዝ ሆነ፤ በሦስተኛው ዓመት መመለስ ከማይቻልበት ደረጃ ደረሰ። ሠርግ ሄዶ ሙሽራዋ ቆንጆ ናት ወይ ሲሉት «የግራው ትንሽ ይበልጣል» ይላል። የጎረቤቱን መንትዮች እናታቸው ሳትለያቸው እሱ ይለያቸዋል፤ ስማቸውን ግን አያውቅም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ጺሙን ተላጭቶ የመጣ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ በር ሲዘጋበት፣ ጋሽ ማህተም ብቻ ከሩቅ በጆሮው ለይቶ አስገባው። የሰፈሩ ሰው ከዚያ ወዲህ በስተጀርባው ጆሮ ጠቢ ይለው ነበር። ይህ እንኳ ስም ማጥፋት ነው። ጋሽ ማህተም የሰው ወሬ አቀብሎ አያውቅም፤ ጆሮ ሲያይ እንጂ ሲያደምጥ የተገኘበት ቀን የለም።

በሰው ፓስፖርት የመጣ፣ የወንድሙን ሰነድ ይዞ የመጣ፣ የሞተ የአጎቱን ልጅ ስም ለብሶ የመጣ፣ ሁሉም አራተኛው መስኮት ላይ ይወድቃል። ጋሽ ማህተም ከጠረጴዛው ሥር ያለችውን ቁልፍ በጉልበቱ ይጫናል። ሁለት ጥበቃዎች ይመጣሉ፤ ሰውየው ወደ ጎን ክፍል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ጋሽ ማህተም ጠይቆ አያውቅም። «ከመስኮቱ ወዲያ ያለው የሌላ ክፍል ሥራ ነው» ይል ነበር።

ይህን ሁሉ ሰው የሚያጣራውን ሰው ደግሞ የሚያጣራ ቅጽ አለ። በየዓመቱ ይመጣል፤ አርባ አንድ ጥያቄ አለው። አሥራ ሰባተኛው «በውጭ አገር የሚኖር የቅርብ ዘመድ አለዎት?» ይላል። አለኝ ያለ ሰው በመስኮት አይቀመጥም፤ ደንቡ ነው።

ጋሽ ማህተም አለው። ከእናቱ ማኅፀን የወጣ፣ በአሥር ዓመት የሚያንሰው፣ አባታቸው በሞተ ጊዜ በጀርባው አዝሎ ያሳደገው ወንድም አለው። እናትየው ማሙሽ ትለዋለች፤ አሁን አርባ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ያው ማሙሽ ነው። ማሙሽ በሃያ ሦስት ዓመቱ በእግሩ ድንበር ተሻግሮ፣ በሰው አገር ጥገኝነት ጠይቆ ቀረ። በዚያ ዓመት ጋሽ ማህተም አሥራ ሰባተኛው ጥያቄ ላይ «የለም» ብሎ ለመጻፍ ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሣ። በአምስተኛው ዓመት አንዴ ብቻ አነሣ። ከአሥረኛው ጀምሮ ጥያቄውን ሳያነብ ነው የሚጽፈው።

ቤት ውስጥም ለዚሁ ደንብ ወጣለት። እሑድ ከሰዓት ማሙሽ ሲደውል እናትየው ስልኩን ከሻሿ ሥር ታስገባለች፤ ጋሽ ማህተም የግቢውን ቧንቧ ሊጠግን ይወጣል። ያ ቧንቧ አንዲት ጠብታ አፍስሶ አያውቅም፤ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሲጠገን ኖረ። ጨርሶ ሲገባ እናቱ ትጠይቀዋለች።

«ቧንቧው እንዴት ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሰላም ብሎሃል።»

«ማን?»

«ቧንቧው።»

ልብስ ሰፊዋ እህታቸው ይህን ስትሰማ በሳቅ ትፈርሳለች። ስልኳ ላይ የማሙሽ ፎቶ አለ፤ አንዳንዴ ወደሱ ታዞረዋለች። እሱ ዓይኑን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል። «አታሳይኝ አንቺ» ይላታል። «ካየሁ አወቅኩ ማለት ነው፤ ካወቅኩ እጽፋለሁ፤ ከጻፍኩ መስኮቱ ቀረ።»

እንዲህ እንዲህ ሲሉ የእናትየው ልብ ደከመ። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ፣ ከባድ እንዳታነሣ፣ እንዳትደነግጥ አለና ስንት ዓመት እንደቀራት ግን አልነገራቸውም። እሷም ከሐኪም ቤት ስትወጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው። «ማሙሽን አንዴ ልየው። ከዚያ በኋላ እናንተ እንዳላችሁ።»

እህትየው ይህን ለማሙሽ ነገረችው። ለማሙሽ ግን በሰው አገር የተሰጠው ወረቀት «ከሸሸበት አገር በስተቀር ወደየትም መሄድ ይችላል» የሚል ነው። በራሱ ስም አንድ ቀን ከመጣ መመለሻ የለውም፤ ጥገኝነቱ ይሰረዛል። ስለዚህ የጓደኛውን ፓስፖርት ተዋሰ። ጓደኛየው የዚያ አገር ዜጋ ሆኗል። ሁለቱ ሲሄዱ ወንድማማች ናችሁ ወይ የማይላቸው ሰው የለም፤ ቁርጥ አንድ ናቸው።

«ለጋሼ ልንገረው?» አለችው እህቱ።

«እንዳትነግሪው። ካወቀ ተባባሪ ይሆናል። ካላወቀ ግን ምን ብለው ይከሱታል? በሱ መስኮት ነው የምገባው። ያየኛል፣ ይደነግጣል፣ ማህተሙን ያደርጋል። አለቀ።»

«ባይለይህስ?»

ማሙሽ ሳቀ። «ጋሼ? አዝሎ ያሳደገኝ ሰው እኮ ነው። አንቺ ደግሞ።»

በሌላ ቤት ቢሆን ኖሮ፣ ሊገባ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው በሩ ላይ ለቆመው ወንድሙ ነበር። እነሱ ግን ለጋሽ ማህተም ከማዘናቸው የተነሣ ነገሩን የደበቁት ከሱ ብቻ ነው። እናትየው ታውቃለች። እህትየው ታውቃለች። እህትየው ልብስ የምትሰፋላት ጎረቤት ሳትቀር ጠርጥራለች።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። አውሮፕላኑ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አረፈ። ጋሽ ማህተም ማህተሙን በቀለም አርሶ፣ ወንበሩን ሁለት ጊዜ ወዝውዞ ተቀመጠ። አጠገቡ አምስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ባልደረባው ወይዘሪት ቀጣይ ትባላለች፤ ከአፏ የሚወጣው ቃል እሱ ብቻ ስለሆነ። ወይዘሪት ቀጣይ በአንድ እጇ ሻይ፣ በአንድ እጇ ማህተም ይዛ ነው የምትሠራው፤ አንዳንዴ ይምታቱባታል።

ከሰልፉ መካከል ቡናማ ጃኬት የለበሰ፣ ጥቁር ኮፍያ ያደረገ ሰው ተራው ሲደርስ ኋላው ያለውን አሳለፈ። ቀጥሎ የመጣውንም አሳለፈ።

«ቀጣይ!» አለችው ወይዘሪት ቀጣይ።

«ይለፉ፣ ይለፉ፤ እኔ አልቸኩልም» አለና ከጀርባው የነበሩ ባልና ሚስትን ከነልጆቻቸው አስቀደመ።

«ቀጣይ፣ አንተ ባለኮፍያ!»

እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቃትና ቆመ። አሥራ አንድ ሰው አሳልፎ አራተኛው መስኮት ባዶ ሲሆን ብቻ ተራመደ።

ጋሽ ማህተም ይህን በቀኝ ዓይኑ ሲከታተል ነበር። አሠልጣኙ ከጆሮ ቀጥሎ ያስተማሩት ሁለት ነገር ነው። መስኮት የሚመርጥ ሰው ምክንያት አለው። ያለ ነገሩ ፈገግ የሚል ሰው ሁለቴ ይታይ። ባለኮፍያው መስኮት መርጧል፤ ሲደርስም ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ፈገግ አለ፤ ክርኑንም መደገፊያው ላይ ጣል አደረገ፣ እንደ ቤተኛ።

«ከመስመሩ ወደ ኋላ ይቁሙ» አለ ጋሽ ማህተም ፓስፖርቱን እየገለጠ።

«እሺ።»

«ከየት ነው የመጡት?»

«ከሩቅ» አለ ባለኮፍያው። ድምፁ ውስጥ ሳቅ ነበረ።

«ኮፍያዎን ያውልቁ። ወደ ግራ ይዙሩ።»

«እንዲህ ነው?»

«አይናገሩ።»

ዞረ። ጋሽ ማህተም ፎቶውን አየ፤ ጆሮውን አየ። የፎቶው ጆሮ ጫፉ የተንጠለጠለ፣ ላይኛው እጥፋት ክብ ነው። የቆመው ሰው ጆሮ ጫፉ ከጉንጩ ጋር የተጣበቀ፣ ላይኛው እጥፋት ደግሞ የተነበበ ደብዳቤ ጥግ ይመስል ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። አንድ አይደለም። ጋሽ ማህተም የሺህ ሰው ጆሮ በቃሉ ያውቃል፤ የወንድሙን ጆሮ ግን አያውቅም። ጆሮ ማየት የተማረው ወንድሙ ከሄደ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚያውቀው ፊቱን ነበር፤ ፊት ማየት ደግሞ ትቷል።

ቁልፏን በጉልበቱ ተጫነ።

ጥበቃዎቹ ክንዱን ሲይዙት ባለኮፍያው መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ጋሽ ማህተምን አየው፤ ጋሽ ማህተም ቅጽ እየሞላ ነው፣ አንገቱን ደፍቷል። «ተው እንጂ» አለ ባለኮፍያው ዝቅ ባለ ድምፅ። ሌላ አልጨመረም። ጋሽ ማህተም የሰማው ይመስላል፤ በዚህ መስኮት ተው እንጂ የማይል ሰው ስለሌለ ግን ቀና አላለም። ቅጹ ላይ እንዲህ ጻፈ፦ «ጆሮው ከፎቶው ጋር አይመሳሰልም። መስኮት መርጧል። ተጓዡ ያለ በቂ ምክንያት ፈገግ ይል ነበር።»

በጎን ክፍሉ ውስጥ እውነተኛ ስሙን ሦስት ጊዜ ጠየቁት። ሦስት ጊዜ የጓደኛውን ስም ተናገረ። የራሱን ቢናገር የአባቱን ስም መጥራቱ ነው፤ በዚያ የአባት ስም የሚጠራ አንድ ሠራተኛ አራተኛው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ፈረመ። በመጣበት አውሮፕላን፣ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ፣ በሁለት ጥበቃዎች ታጅቦ ተመለሰ። አብራሪው ሞተሩን አላጠፋም። በረራው፣ ጉድ በል፣ በሰዓቱ ተነሣ።

ጋሽ ማህተም ሰባት ሰዓት ላይ ሥራውን አስረክቦ በተቀባዮች አዳራሽ በኩል ወጣ። አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ከጥግ ካሉት ወንበሮች በአንዱ እናቱ ተቀምጣለች፤ የተተኮሰ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። እህቱ አጠገቧ ቆማለች።

«ምን ልትሠሩ መጣችሁ?» አለ።

እናቱ ሳቀች። «ተው አታሹፍብኝ። የት አስቀመጥከው?»

«ማንን?»

«እይው እንግዲህ» አለች ወደ ሴት ልጇ ዞራ። «ድሮም ሲደብቅ እንዲህ ነው።»

እህትየው ግን ፊቱን አይታ ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ፣ አንተ መስኮት ጋ ሰው አልመጣም? ቡናማ ጃኬት፣ ጥቁር ኮፍያ?»

ጋሽ ማህተም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ፤ ከዚያ በመስታወቱ በኩል ሜዳውን አየ። ሜዳው ላይ የሻንጣ ጋሪ ብቻ ቆሟል።

«ተመልሷል» አለ።

«ማን መለሰው?» አለች እናቱ።

«ሲስተሙ።»

በዚያ መሥሪያ ቤት ሲስተም የሚባለው ነገር በሳምንት ሦስት ቀን አይሠራም፤ በቀሩት ቀናት ደግሞ ጥፋት ሁሉ የሱ ነው። እናቱ ሲስተም ማን እንደሆነ አልገባትም። አለቃው መሰላት። «ልለምነው ይሆን?» አለች። ልትነሣ ስትል ሁለቱ ልጆቿ ደግፈው ወደ ታክሲ ወሰዷት።

በማግስቱ ወይዘሪት ቀጣይ የሆነውን ከሱ ስትሰማ ሻይዋን አስቀመጠች። «ሁለቴ ጠርቼው ነበር እኮ» አለችው። «እኔ ጋ ቢመጣ ኖሮ... እኔ ምን አያለሁ? መቼ ሰው አይቼ አውቃለሁ?» ልታጽናናው ነው። ጋሽ ማህተም ራሱን ነቀነቀ፤ ያን ቀን ለገባው ተጓዥ ሁሉ ጆሮውን ሳያይ ማህተም አደረገለት።

ከሳምንት በኋላ አለቃው ቢሮ ገባ። መስኮቱ ላይ ያለችው ካሜራ የተጓዡን ፊት እንደምታነሣ ያውቃል። «የዚያን የማክሰኞውን ሰውዬ ምስል አንድ ጊዜ ባየው» አለ።

«ፋይሉ ወደ ላይ ሄዷል፤ ተዘግቷል» አለ አለቃው። «ለምን ፈለግከው? ታውቀዋለህ እንዴ?»

«አላውቀውም።»

«ዘመድህ ነው?»

«አይደለም።»

ከቢሮው ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ባለው የውኃ ማቀዝቀዣ አጠገብ ብዙ ቆመ። ሰው መጥቶ ውኃ ሲቀዳ ገለል ይላል፤ ሰውየው ሲሄድ ይመለሳል።

ማሙሽ በሦስተኛው ሳምንት ለእህቱ ደወለ። እዚያም እንደደረሰ ይዘውታል፤ የሱም የጓደኛውም ወረቀት ይመረመራል፤ ያለበት ቤት በሳምንት አንዴ አምስት ደቂቃ ስልክ ይፈቅዳል። በአምስቱ ደቂቃ ውስጥ ስለ ራሱ የተናገረው ግማሽ ደቂቃ አይሞላም። የጠየቀው «ጋሼን በኔ ምክንያት አስቸገሩት?» ብሎ ነው። እናቱን ሲጠይቅ ሰዓቱ አለቀ።

በዚያው ወር የዓመቱ ቅጽ መጣ። ጋሽ ማህተም አሥራ ሰባተኛውን ጥያቄ ከብዙ ዓመት በኋላ አነበበው። «አለ። አንድ ወንድም» ብሎ ጻፈና ከነስሙ አሰፈረው። ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር ላይ በሁለት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ተቀመጠ። እሱን ባለቤት ያልመጣላቸው ሻንጣዎች የሚከማቹበት ክፍል መደቡት። ካፌው ዕድገት የሚለው ይህን ነው። በርግጥ ክፍሉ ሰፊ ነው፤ የሚጣራ ሰውም የለም።

ወሬውን የጀመረችው ወይዘሪት ቀጣይ ናት፤ በክፋት አይደለም። ለአንዲት የጽዳት ሠራተኛ «ወንድሙን ራሱ መለሰው» ብላ ተናገረች፤ የተናገረችው ይችን ብቻ ነው። ካፌው ግን እንዲህ ያለ ነገር ጥሬውን አይውጥም። ሰው ወንድሙን ሳያውቀው መለሰ ቢባል ማኪያቶው ከጉሮሮ አይወርድም። ስለዚህ አሳወቁት። ከወንበሩ አስነሡት፤ አስለቀሱት፤ አስተቃቀፉት። ሜዳሊያውን ማን እንደጨመረ አይታወቅም።

ጋሽ ማህተም ወሬውን ሰምቷል። ሻይ ሊገዛ ሲገባ አንዳንዱ ብድግ ብሎ ወንበር ይለቅለታል። አላስተባበለም። በወሬው ውስጥ ያለው ሰው ወንድሙን ከሩቅ አይቶ ያወቀ፣ እጁን የያዘ፣ ያለቀሰ ሰው ነው። ጋሽ ማህተም ያን ሰውዬ ቢሆን ደስ ይለው ነበር። ዝም ሲል ለትንሽ ጊዜ እሱን የሆነ ይመስለዋል።

አንድ እሑድ ከሰዓት እናቱ ወደ አልጋዋ ጠራችው። ከአልጋ መነሣት ከተወች ወር አልፏታል። እህቱ ጸጉሯን ልታበጥርላት ሻሿን አንሥታ፣ ሚዶ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገብታለች። ስልኩ ትራሱ አጠገብ ነው፤ ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ አልጮኸም።

«ቁጭ በል» አለችው። «ጎረቤታችን መጥታ ነበር። ልጇ እናንተ ጋ ሻንጣ ጫኝ ነው አይደል? ሁሉን ነገረችኝ። ሲስተም አይደለም አለችኝ። አንተ ነህ አለች።»

ጋሽ ማህተም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«አልተቆጣሁም» አለች። «ሥራ ነው። አንተም እንጀራህ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ከፋኝ፤ በኋላ ሳስበው ደግሞ ደስ አለኝ። እጁን ይዘህ እስከ ደረጃው ሸኝተኸዋል አሉ። አልቅሰሃል አሉ። እሱም አንገትህን አቅፎ አልለቅም ብሎ ነበር አሉ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «እኔ ባላየውም ከቤታችን አንድ ሰው አይቶታል። ወንድሙ አይቶታል። ይበቃኛል።»

«እማዬ...»

«ቆይ፣ ልጨርስ። እስቲ ንገረኝ። ከስቷል? ሸብቷል? በስልክ ስጠይቀው ደህና ነኝ ከማለት ሌላ አያውቅም። ጥርሱን ሲስቅ እንደ ድሮው ነው? አንተ ሰው ማየት ሥራህ ነው፤ አንድም አይቀርህም። ቀስ እያልክ ንገረኝ።»

ራሷን ትራሱ ላይ ወደ ጎን አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች፤ ለመስማት። ዕድሜ ልኳን በሻሽ ተሸፍኖ የኖረው ጆሮዋ ወደሱ ዞረ። ጫፉ ከጉንጯ ጋር የተጣበቀ ነው። ላይኛው እጥፋት ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ጋሽ ማህተም ለረጅም ጊዜ አየው። «ሸብቷል፣ ደህና ነው፣ ወፍሯል» ማለት ይችል ነበር፤ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። የምትጠይቀውም ይህንኑ ነው።

«ንገረኝ እንጂ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አልሸኘሁትም፣ እማዬ» አለ። «እጁን አልያዝኩም። አላለቀስኩም፤ እሱም አላቀፈኝም። ሜዳሊያ የሚባል ነገርም የለም። ፊቱን አላየሁትም። ወደ ግራ ዙር አልኩት፣ አትናገር አልኩት፣ ጥበቃ ጠራሁበት። ወንድሜ መሆኑን ያወቅኩት አንቺ ወንበር ላይ ተቀምጠሽ የት አስቀመጥከው ስትይኝ ነው።»